5፣ 50፣ 500፦ የሚልፎርድ ራዲዮ ጣቢያ አነሳስና አወዳደቅ

የትንሽ ከተማ ራዲዮ ጣቢያ ሲዘጋ ሰበቡ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ይቀንሳል፣ ማሰራጫው ያረጃል፣ ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳል፣ በመጨረሻም የመብራት ሂሳብ የሚከፍል ይጠፋል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ከመንደር እምብዛም ባልተሻለችው ሚልፎርድ የነበረው ኬ ኤፍ ኬ ቢ ግን በዚህ መንገድ አልተዘጋም። በ1930 ፈቃዱ እንዳይታደስ ሲወሰንበት በአገሩ ካሉ ጣቢያዎች ሁሉ የበለጠ ተወዳጅ ተብሎ የወርቅ ዋንጫ ከተሸለመ ብዙም አልቆየም፤ ካዝናውም ሙሉ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጣቢያውንና የባለቤቱን ታሪክ በማሰራጫ ኃይል ብቻ የሚለካ ሰው የሚያየው ሽቅብ የሚወጣ መስመር ነው። በ1930 ሚልፎርድ ላይ 5 ኪሎዋት ነበር፤ በ1931 ሜክሲኮ ድንበር ላይ 50 ኪሎዋት ሆነ፤ በ1935 እዚያው 500 ኪሎዋት ደረሰ። ገቢው ከየት ይመጣ እንደነበረ ለሚከታተል ግን ቁልቁለቱ የጀመረው ገና በ1928 ገደማ፣ ማንም ውድቀት ባልጠረጠረበት ጊዜ ነው።

ጆን ሮሙለስ ብሪንክሊ ሚልፎርድ የደረሰው በ1917 መጸው ነው። ከተማዋ ሐኪም አልነበራትም፤ ነዋሪዎቿም 200 ያህል ብቻ ነበሩ። ሰውየው የያዘው ዲፕሎማ ካንሳስ ሲቲ ከሚገኝ ትምህርት ቤት የተሰጠ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ከዓመታት በኋላ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ወረቀት ያድላል ተብሎ በአደባባይ ተዋርዷል። ያም ሆኖ በእኛ አገር የኅዳር በሽታ የሚባለው የ1918ቱ ወረርሽኝ ሲገባ፣ ብሪንክሊ ቤት ለቤት እየዞረ ሕመምተኞችን በትጋት ማስታመሙን የአካባቢው ሰው አልረሳለትም። በኋላ የመጣው ውግዘት ሁሉ ሚልፎርድ ውስጥ ሰሚ ያጣው በከፊል በዚህ ውለታ ምክንያት ነው።

ስሙን ያስጠራው ሕክምና የተጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ወንድነቴ ደከመ ላለ ሰው የፍየል ቆለጥ ቆርጦ በሰውየው ቆለጥ ውስጥ መስፋት ነበር ሥራው። ሰውነት ባዕድ ሥጋ ሲገባበት አሟሙቶ ያጠፋዋል እንጂ አያበቅለውም፤ ስለዚህ በሽተኛው የሚያገኘው ጥቅም ከተስፋው የሚመጣው ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ግን የቁስል መመረዝና አንዳንዴም ሞት ነበር። ክፍያው 750 ዶላር ነበር፤ በ1920ዎቹ አንድ አዲስ ፎርድ መኪና ከ400 ዶላር በታች ይገዛ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ግልጽ ነው። ይህን ያህል የሚከፍል ገበሬ ከሚልፎርድና ከአካባቢዋ ብቻ ሊገኝ አይችልም። ሐኪሙ ሩቅ ያለ ሕመምተኛ ያስፈልገው ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው በ1922 ነው። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ባለቤት ሃሪ ቻንድለር ወደ ካሊፎርኒያ ጠርቶት ሕክምናውን እዚያ ሲሠራ፣ የጋዜጣውን ኬ ኤች ጄ የተባለ ራዲዮ ጣቢያ በዓይኑ አየ። ወደ ሚልፎርድ ተመልሶ በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ጣቢያ ከፈተ። «ካንሳስ ትቅደም፣ ካንሳስ ትብለጥ» ማለት የጣቢያው መፈክር ነበር።

ጊዜው ለዚህ የተመቸ ነበር። በ1922 መጀመሪያ በመላው አሜሪካ የነበሩት መደበኛ ጣቢያዎች 30 ገደማ ሲሆኑ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ500 በላይ ሆነዋል። ባለቤቶቹ ጋዜጦች፣ ኮሌጆች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የዕቃ መደብሮች፣ የዘር ነጋዴዎች ነበሩ። ራዲዮ በራሱ እንዴት ገንዘብ እንደሚያስገኝ ገና የተረጋጋ ሐሳብ አልነበረም፤ የአየር ሰዓት ተከፍሎበት ማስታወቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው ራሱ በነሐሴ 1922 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ባለ ጣቢያ ራዲዮውን የሚያየው እንደ ሱቁ ታፔላ ነበር። ኪሳራው በሌላው ንግድ ትርፍ ይሸፈናል።

ከካንሳስ ብዙም በማይርቀው አዮዋ፣ ሼናንዶአ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ሄንሪ ፊልድ የተባለ የዘር ነጋዴ በ1924 ኬ ኤፍ ኤን ኤፍን፣ ተፎካካሪው አርል ሜይ ደግሞ በ1925 ኬ ኤም ኤን ከፈቱ። ሁለቱም ራሳቸው ማይክሮፎን ፊት ቆመው ስለ ችግኝ፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ዝናብ ያወሩ ነበር። ሜይ በ1926 ሬዲዮ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ባካሄደው የአድማጮች ምርጫ 452,901 ድምፅ አግኝቶ የአገሩ ተወዳጅ አቅራቢ ተብሏል። የትንሽ ከተማ ጣቢያ ትልልቆቹን ከተሞች መብለጡ ስለዚህ የብሪንክሊ ብቻ ተአምር አይደለም፤ የዘመኑ ጠባይ ነው። በሌሊት የሰማዩ ሞገድ ነጸብራቅ ድምፅን በሺዎች ለሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሸከማል፣ የአየሩ መጨናነቅ ገና አልከፋም፣ ገበሬው ደግሞ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል።

የኬ ኤፍ ኬ ቢ የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ከሼናንዶአዎቹ ብዙም አይለዩም። የገበያ ዋጋ፣ የአየር ጠባይ፣ የቫዮሊን ጨዋታ፣ መዝሙርና ስብከት ይተላለፍበት ነበር። በ1924 የካንሳስ ግብርና ኮሌጅ ትምህርቱን በዚህ ጣቢያ አማካይነት ለገበሬ ያሰማ ነበር፤ ኮሌጁ የራሱን ጣቢያ እስኪከፍት ድረስ ማለት ነው። በዚህ መሐል ብሪንክሊ ቀን ቀን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ፣ ሳይቸኩልና ሳይጮህ፣ ጎረቤቱን እንደሚያጫውት ሰው ስለ ሆስፒታሉ ያወራል። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሐኪም ራሱን ማስተዋወቁን እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር። ገበሬው ግን ይህን ነውር አያውቀውም፣ ቢያውቀውም ግድ የሚሰጠው አይመስለኝም።

ሚልፎርድም ተለወጠች። ጣቢያውና ሆስፒታሉ ባመጡት ገንዘብ መብራት ገባ፣ የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፣ የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። ብሪንክሊ ፖስታ ቤት አሠራ፤ በቀን እስከ 3,000 ደብዳቤ የሚመጣበት ሰው ስለነበር ከቸርነቱ ጋር የራሱ ጥቅምም አለበት። የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን «የብሪንክሊ ፍየሎች» የሚል ስም ነበረው። አንድ ከተማ ኑሮዋን በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ስታንጠለጥል ምን እንደሚከተል ያን ጊዜ የጠየቀ ያለ አይመስልም።

የ1927ቱ የራዲዮ ሕግ በዚሁ መሐል ወጣ። ሕጉ የፌዴራል ራዲዮ ኮሚሽንን አቋቋመ፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚታደሰው ለሕዝብ ጥቅም፣ ምቾት ወይም አስፈላጊነት ሲያገለግል ብቻ ነው አለ። ኮሚሽኑ ደግሞ በወራት የሚቆጠር አጭር ፈቃድ ይሰጥ ስለነበር ባለ ጣቢያ ሁሉ በየጊዜው ደጅ መጥናት ነበረበት። የሕዝብ ጥቅም ማለት ምን እንደሆነ ግን በሕጉ ውስጥ አልተብራራም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮሚሽኑ የደከመው ሞገድ በማከፋፈሉ ላይ እንጂ ጣቢያው ምን ይናገራል በሚለው ላይ አልነበረም፤ ብሪንክሊም በ1928ቱ የሞገድ ድልድል አልተጎዳም። እንዲያውም በ5 ኪሎዋት ኃይል በ1050 ኪሎሳይክል ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ብዙ ጸሐፊዎች የታሪኩን ቁልፍ በፍየሉ ላይ ያደርጋሉ። እኔ ግን ቁልፉ ያለው በ1928 ገደማ በተጀመረው «የሕክምና ጥያቄ ሣጥን» በተባለው ፕሮግራም ላይ ነው እላለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አድማጭ ሕመሙን በደብዳቤ ይጽፋል። ብሪንክሊ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ የደረሱትን ደብዳቤዎች ስም ሳይጠራ በአየር ላይ ያነባል፤ ጸሐፊው የሚታወቀው በከተማው ወይም በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። ካነበበ በኋላ በሽታውን ይገምታል፣ መድኃኒትም ያዝዛል። የሚያዝዘው መድኃኒት ግን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ለአንዲት ሴት የሴቶች ቁጥር 50ን፣ 61ንና 67ን ቀላቅለሽ ለሦስት ወር ያህል ሳታቋርጪ ውሰጂ ይላታል። ቁጥሩ የሚፈታው ብሪንክሊ ባቋቋመው የመድኃኒት ማኅበር አባል በሆነ መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። በካንሳስና በአጎራባች ግዛቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለ መድኃኒት ቤቶች አባል ሆኑ፤ በመደርደሪያቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸውን ጠርሙሶች ደርድረው ጠበቁ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ለማኅበሩ ይከፍሉ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ በየትኛውም መደብር በርካሽ የሚገኝ ተራ መድኃኒት ነበር።

ከንግድ አንጻር ዘዴው ድንቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዶ ሕክምናው 750 ዶላር ያለውን ሰው፣ ያውም ሚልፎርድ ድረስ ባቡር ተሳፍሮ የሚመጣውን ብቻ ያገለግል ነበር። የጥያቄው ሣጥን ግን አንድ ዶላር ያላትን ቤት እመቤት ካለችበት ሳትነሳ ደንበኛ አደረጋት። ከሕክምና አንጻር ሲታይ ሐኪሙ በሽተኛውን አያይም፣ አይዳስስም፣ አይለካም፣ ደግሞ አይጠይቅም። ያልታየ ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን የሐሞት ጠጠር በደብዳቤ መርምሮ በራዲዮ ማዘዝ ነበር ሥራው። አንጀቱ ሊፈነዳ የተቃረበ ሰው የቁጥር መድኃኒት እየጠጣ ቤቱ ቢቀመጥ ተጠያቂው ማን ነው? አንባቢው ይፍረድ።

የገቢው መዋቅር ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳየው በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የሰፈረው የጣቢያው ሂሳብ ነው። በ1930 የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ወራት ጣቢያው ያስገባው በድምሩ 37,901 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነበር። ከዚህ ውስጥ 27,856 ዶላር ከ40 ሳንቲም የመጣው ከብሪንክሊ የመድኃኒት ማኅበር ነው። ሆስፒታሉ 6,500 ዶላር ከፍሏል። የቀረው ሌላ ማስታወቂያ ሁሉ ተደምሮ 3,544 ዶላር ከ93 ሳንቲም ብቻ ነበር። በመቶኛ ሲሰላ መድኃኒቱ 73 ከመቶ ተኩል፣ ሆስፒታሉ 17 ከመቶ፣ የተቀረው ዓለም በሙሉ 9 ከመቶ ከምናምን ይሆናል። ገበሬውን የሚያገለግለው የገበያ ዜና፣ ቫዮሊኑ፣ ስብከቱ፣ ሁሉም በዚህች 9 ከመቶ ውስጥ እንኳ ራሳቸውን አይችሉም። በ1924 ለአንድ ሆስፒታል ታፔላ የነበረው ጣቢያ በ1930 የአንድ መድኃኒት ንግድ ቧንቧ ሆኗል። ያን ፕሮግራም አቋርጥ ቢባል የሚተርፈው ነገር አልነበረም።

ወደዚህ ውጤት የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጠላት የሚያፈራ ነበር። ቀዶ ሕክምናው የሚያስቀይመው ሐኪሞችን ብቻ ነው፤ የጥያቄው ሣጥን ግን በየከተማው የሚገኘውን ሐኪምና ማኅበሩ ውስጥ ያልገባውን ባለ መድኃኒት ቤት ሁሉ ከገበያ አስወጣ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ ሞሪስ ፊሽባይን የቆየ ዘመቻውን አጠናከረ። ካንሳስ ሲቲ ስታር ጋዜጣ በ1930 ጸደይ ተከታታይ ምርመራ አወጣ። ጋዜጣው የራሱ ራዲዮ ጣቢያ የነበረው በመሆኑ ብሪንክሊ ነገሩ ቅናት ነው ይል ነበር፤ ቅናት አልነበረበትም ማለት ይከብዳል፣ የተጻፈው ግን በአመዛኙ እውነት ነበር።

ጊዜው እንግዳ የሆነ መገጣጠም ያሳያል። ሬዲዮ ዳይጀስት በ1929 ባካሄደው የአድማጮች ምርጫ ኬ ኤፍ ኬ ቢ ከ350,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ወጥቷል። በ1930 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ራዲዮ የነበረው 40 ከመቶ የሚሆነው የአሜሪካ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከገበሬው ቤተሰብ ውስጥ ግን 21 ከመቶ ገደማው ብቻ ነው። በገጠር ራዲዮ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ይህን ያህል ድምፅ መሰብሰብ፣ አንድ ራዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ እንደነበር ይጠቁማል። በመጋቢት 20 ቀን 1930 ጣቢያው ፈቃዱ እንዲታደስለት አመለከተ። በግንቦት ወር ሦስት ቀን የፈጀ ክርክር ተሰማ። በሰኔ 13 ቀን ኮሚሽኑ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ።

ብሪንክሊ ይግባኝ አለ፤ መከራከሪያው ኮሚሽኑ ንግግርን ሳንሱር እያደረገ ነው፣ ሕጉም ይህን ይከለክላል የሚል ነበር። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በየካቲት 1931 መልስ ሰጠ። ሳንሱር ማለት ንግግሩ ከመነገሩ በፊት መመርመር ነው፤ ፈቃድ ይታደስልኝ የሚል ሰው ከዚህ በፊት ምን ሲሠራ እንደቆየ ማየት ግን ሳንሱር አይደለም አለ። የሞገዱ ቁጥር ውሱን ስለሆነ አንዱ ባለ ፈቃድ ለግል ንግዱ ብቻ ሲያውለው ሌላው ይቀርበታል ሲልም ጨመረ። የአሜሪካ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሕግ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቆመው በዚህ አመክንዮ ላይ ነው። ሼናንዶአ ውስጥ ስለ ዶሮ መኖ የሚያወራው የዘር ነጋዴም ማስታወቂያ ነጋሪ ነበር፤ ልዩነቱ የዘሩ ፖስታ ሲከፈት በቆሎ መብቀሉ ላይ ነው።

በእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች መሐል የካንሳስ የሕክምና ቦርድ በመስከረም 1930 የሐኪምነት ፈቃዱን ነጠቀው። ቦርዱ ብሪንክሊ የሞት ምስክር ወረቀት የፈረመባቸውን 42 ሰዎች ጉዳይ ይዞ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሆስፒታሉ የገቡት በእግራቸው ነው። ፈቃዱን ባጣ በቀናት ውስጥ ለካንሳስ አገረ ገዥነት እወዳደራለሁ አለ። የእጩዎች ምዝገባ ስላለፈበት መራጩ ስሙን በእጁ መጻፍ ነበረበት። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ «ጄ. አር. ብሪንክሊ» ተብሎ በትክክል ያልተጻፈ ድምፅ እንደማይቆጠር አስታወቀ። «ዶክተር» ብሎ የጨመረ፣ ፊደል የገደፈ፣ ሙሉ ስሙን የጻፈ ሁሉ ተጣለ። ይህ ሁሉ ሆኖ 183,278 ድምፅ ተቆጠረለት። አሸናፊው ሃሪ ውድሪንግ 217,171፣ ሁለተኛው ፍራንክ ሃውኪ 216,920 አገኙ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 251 ብቻ ሲሆን፣ የተጣለው የብሪንክሊ ድምፅ ግን በብዙ ሺህ የሚገመት ነበር።

በ1932 እንደገና ተወዳደረ፤ በዚህ ጊዜ ስሙ ታትሞ ቀረበ። 244,607 ድምፅ አገኘ፤ አሸናፊው አልፍ ላንደን 278,581፣ ውድሪንግ 272,944 አግኝተዋል። የሦስቱን ድምር መቶ ብናደርገው ብሪንክሊ በ1930 ያገኘው 29.7፣ በ1932 ያገኘው 30.7 ይሆናል። ስም በእጅ መጻፍ ከሚጠይቀው ምርጫ ስሙ ወደታተመበት ሲሸጋገር ያደገው በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ድጋፉ በእርግጥ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ጭማሪው ከዚህ በብዙ መብለጥ ነበረበት፤ የሚያሳየው ሚልፎርድ ያለው ማሰራጫ ከእጁ ከወጣ በኋላ ድጋፉ መላላቱን ነው። በ1934 በሪፐብሊካን ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ ከላንደን ጋር ተፎካክሮ በሰፊው ተሸነፈ።

የጣቢያው ሽያጭ ፈጣን ነበር። በ1931 መጀመሪያ አንድ የዊቺታ ኢንሹራንስ ኩባንያ በ90,000 ዶላር ገዛው፣ ስሙንም ኬ ኤፍ ቢ አይ አለው። በኋላ ወደ ዊቺታ ተዛወረ። ሚልፎርድ የብሪንክሊ ጣቢያ መቀመጫ ሆና የኖረችው ስምንት ዓመት አይሞላም። ሐኪሙ በ1933 ሆስፒታሉን ነቅሎ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ሥራውም፣ ደብዳቤውም፣ በባቡር የሚመጣው እንግዳም አብሮ ሄደ። በ1960ዎቹ የሪፐብሊካን ወንዝ ተገድቦ የሚልፎርድ ሐይቅ ሲሞላ አሮጌው የከተማ ቦታ ተለቆ ነዋሪው ወደ ከፍታ ተዛወረ። በ2010 ቆጠራ የነዋሪው ቁጥር 530 ነበር።

ሜክሲኮ ድንበር ላይ የቀጠለው ምዕራፍ የሌላ ጣቢያ ታሪክ ስለሆነ ባጭሩ ይበቃል። አሜሪካና ካናዳ የሰሜን አሜሪካን ሞገድ ለሁለት ሲከፋፈሉ ለሜክሲኮ ምንም አልተዉላትም፤ ስለዚህ የሜክሲኮ መንግሥት ከአሜሪካ የተባረረ ባለ ጣቢያን ለመቀበል ምክንያት ነበረው። በቴክሳሷ ዴል ሪዮ ፊት ለፊት፣ ከሪዮ ግራንዴ ወዲያ ማዶ በቪላ አኩኛ፣ ኤክስ ኢ አር የተባለ ጣቢያ በጥቅምት 1931 በ50 ኪሎዋት ተከፈተ። ብሪንክሊ መጀመሪያ ላይ ሚልፎርድ ቁጭ ብሎ በስልክ መስመር ነበር የሚናገረው፤ ድምፁ ካንሳስ ይነሳል፣ ሜክሲኮ ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ካንሳስ ይሰማል። በ1934 የሜክሲኮ መንግሥት ጣቢያውን ዘጋው፤ በ1935 ኤክስ ኢ አር ኤ በሚል ስም እንደገና ተከፈተ፣ ኃይሉም 500 ኪሎዋት ደረሰ። በአሜሪካ ምድር ለመደበኛ ጣቢያ የሚፈቀደው ከፍተኛ ኃይል 50 ኪሎዋት በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ድምፁ ካናዳ ድረስ ይሰማ፣ በመሐል ያለውን ደካማ ጣቢያ ሁሉ ይደፍቅ ነበር። ከ1938 ጀምሮ የካርተር ቤተሰብ ዘፋኞች በዚሁ ሞገድ ይዘፍኑ ስለነበር፣ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ በዚያ ዘመን ለተስፋፋበት ስፋት አንዱ ባለውለታ ይህ ማሰራጫ ነው፤ ካሰራጨው ነገር ሁሉ የሚመሰገንበትም እሱ ነው።

ቁጥሩ በዚህ ወቅት ከሚልፎርዱ ጋር ሲነጻጸር የሚነግረን ነገር አለ። ኃይሉ መቶ እጥፍ አደገ፣ የባለቤቱ የፖለቲካ ድጋፍ ግን ጠፋ፣ በመጨረሻም ሕመምተኛው ቀነሰ። ዴል ሪዮ ውስጥ ተመሳሳይ ሕክምና በርካሽ የሚሰጥ ሌላ ሐኪም ሲመጣ ብሪንክሊ በ1938 ወደ ሊትል ሮክ ሸሸ። ፊሽባይን በዚያው ዓመት ቀጣፊ ብሎ ሲጽፍበት ከሰሰው፤ በ1939 የዴል ሪዮ ዳኞች ለፊሽባይን ፈረዱ። ያ ፍርድ የቀድሞ በሽተኞችን የካሣ ጥያቄ ከፈተ። በ1937 በሃቫና የተፈረመው የሞገድ ስምምነት ሥራ ላይ ሲውል ኤክስ ኢ አር ኤ በ1941 ተዘጋ፤ ብሪንክሊም በዚያው ዓመት ኪሳራ አወጀ። በግንቦት 1942 ሳን አንቶኒዮ ውስጥ በ56 ዓመቱ ሞተ።

መንገዱን የተከተለ ሌላም ነበር። በአዮዋ መስካቲን ኬ ቲ ኤን ቲ የተባለውን ጣቢያ በ1925 የከፈተው ኖርማን ቤከር ካንሰር ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል እያለ ይሰብክ ነበር። በ1931 ፈቃዱን ተነጠቀ፣ እሱም ወደ ሜክሲኮ ድንበር ተሻገረ። ሁለቱን ጣቢያዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚልፎርዱ ጉዳይ ከአንድ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳልመጣ ይገነዘባል፤ ገቢው ሁሉ ከአንድ ምርት በሚመጣ ጣቢያ ላይ ማይክሮፎኑ ለምርቱ ማደሩ አይቀርም። ሼናንዶአ ውስጥ የዘር ነጋዴዎቹ ጣቢያ ዕድሜ ያገኘው ቀስ በቀስ የሌላውን ነጋዴ ማስታወቂያ፣ የምግብ ዝግጅት ፕሮግራሙንና ዜናውን የገቢ ምንጭ ስላደረገ ነው፤ ኬ ኤም ኤ ዛሬም በአየር ላይ ነው።

የሚልፎርዱ ጣቢያ ከተረሳ በኋላም ሥራ ላይ ያለ አንድ ነገር ትቷል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1934 የኮሚዩኒኬሽን ሕጉን ሲያወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ካለ ስቱዲዮ ድምፅ ወደ ውጭ አገር ማሰራጫ ልኮ ተመልሶ አሜሪካ እንዲሰማ ለማድረግ ፈቃድ የሚጠይቅ ድንጋጌ በ325ኛው አንቀጽ አስገባ፤ ሰው የሚያውቀው «የብሪንክሊ ሕግ» በሚል ስም ነው። ስቱዲዮአቸው ሳን ዲዬጎ፣ ማሰራጫቸው ግን ቲዋና ሜክሲኮ የሆነ ጣቢያዎች ዛሬም ለፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን የሚያመለክቱት በዚሁ አንቀጽ መሠረት ነው።